ለሐሙስ አጥቢያ፦ ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው?

እናቴ በ71 ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ልትሳፈር ነበር። እህቴ ዋሽንግተን አካባቢ ነው የምትኖረው። ቀኗ ገብቷል፤ እማዬ ልታርሳት ነው የምትሄደው። አንድ ማታ ራት በልተን ስናበቃ ስንት ሰዓት እንደምትቀመጥ ጠየቀችኝ። ለመመለስ አፌን ከፈትኩና መልስ አጣሁ። ቲኬቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ዋጋውን በቃሌ አውቀዋለሁ። መንገዱን ግን አላውቀውም።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚነሳበት ብዙም አንርቅም። የኮንዶሚኒየማችን ነዋሪዎች የጋራ የውይይት መድረክ አለን። አብዛኛውን ጊዜ የሚወራበት ስለ ውኃ ፈረቃ ነው። በዚያ ምሽት ግን የእናቴን ጥያቄ ጻፍኩበት። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ዳለስ አየር ማረፊያ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ስትመለስ በቀጥታ 13 ሰዓት ያህል የሚፈጀው በረራ፣ ስትሄድ ለምን መሃል ላይ አንድ ጊዜ ያርፋል? እንግሊዝኛ የማትችል እናት መሃል ላይ ሲያርፍ ደረስኩ ብላ እንዳትወርድ ምን ላድርግ? በረራዋ ሐሙስ ሌሊት ስለሆነ ከቤት በስንት ሰዓት እንውጣ? ከዚያ ስልኬን አስቀምጬ ተኛሁ።

ጠዋት ስነሳ መልሶቹ ተደርድረዋል። በመጨረሻ 38 ደረሱ። ለሌላም ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው እዚህ የምተርከው።

መልስ 1 ርቀቱን 7,184 አለው። መልስ 2 ደግሞ 6,242 መሆኑን ጽፎ የመጀመሪያውን ሰው ተሳስተሃል አለው። በመልስ 3 አንዷ መጥታ ሁለቱም እንደተሳሳቱ፣ ትክክለኛው 11,560 እንደሆነ ተናገረች። ጨዋነቱ ገና አልጠፋም ነበር፤ ሁሉም ግን የራሱን ቁጥር የሙጥኝ ብሏል። በመልስ 4 የገባው አየር ማረፊያ ውስጥ የሚሠራ ጎረቤታችን ነው። ሦስቱም ልክ መሆናቸውን አስረዳ። የመጀመሪያው በተለመደው ማይል ነው። ሁለተኛው አብራሪዎች በሚጠቀሙበት የባሕር ማይል ነው፤ አንዱ የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ሦስተኛው በኪሎ ሜትር ነው። አላመንኩም፤ በስልኬ ካልኩሌተር 6,242ን በ1.852 አባዛሁ። 11,560 ሆኖ ቁጭ አለ።

መልስ 5 ሌላ ነገር አነሳ። ካርታ ላይ በማስመሪያ ብናገናኘው መስመሩ አፍሪካን ወደ ምዕራብ አቋርጦ አትላንቲክ ይገባል፤ ታዲያ ሰዎች በአውሮፓ በኩል አለፍን የሚሉት ለምንድን ነው የሚል ነበር። መልስ 6ን የጻፉት ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ምድር እንደ ወረቀት ዝርግ እንዳልሆነች፣ ማስመሪያውን ትተን ብርቱካንና ክር እንድናመጣ መከሩን። እኔ አመጣሁ። ከብርቱካኑ ወገብ ትንሽ ከፍ ብዬ በእስክሪብቶ ኢትዮጵያን ነጠብጣብ አደረግኳት። ዋሽንግተንን ወደ ግራ የዙሪያውን አንድ ሦስተኛ ያህል ሄጄ፣ ከፍ ብላ እንድትታይ አደረግሁ። ከእማዬ የስፌት ሳጥን ክር ወስጄ ከአንዱ ነጥብ እስከ ሌላው ወጠርኩት። ክሩ ወደ ምዕራብ አልሄደም። ወደ ላይ ወጣና ቀስ ብሎ ጎንበስ አለ። ጋሼ የጻፉት መንገድም ያው ነው፦ ከአዲስ አበባ ሲነሳ በትክክል ሰሜን ምዕራብ፣ ሱዳን፣ ሊቢያ፣ አልጄሪያ፣ ከዚያ የስፔንና የፖርቹጋል ምድር፣ ከዚያ ውቅያኖስ። እማዬ ብርቱካኑን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። ክሩን በጣቷ ተከትላ እስከ መጨረሻው ሄደች። ብርቱካኑን ያልላጠችው ሦስት ቀን ሙሉ ነው።

መልስ 7 እና 8 ምስጋና ብቻ ናቸው። መልስ 9 ግን ጋሼን በትሕትና አረማቸው። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ የሱዳን ሰማይ ለመንገደኛ በረራ ተዘጋ። ስለዚህ ወደ ሰሜን የሚሄድ አውሮፕላን መዞር ነበረበት። ክሩ በጣም አጭሩን መንገድ እንጂ የሚበረረውን መንገድ እንደማያሳይ አስታወሰን። ጋሼም ወዲያው ተቀበሉት። እንዲህ ያለ መተራረም ደስ ይለኛል።

ነገሩ መሞቅ የጀመረው ከመልስ 10 በኋላ ነው። መሃል ላይ የሚያርፈው መንገዱ ስለሚረዝም እንደሆነ አንዱ ጻፈ። መልስ 11 ቆጣ ብሎ፣ መንገዱ ሲመለስም ያው መንገድ መሆኑን፣ ርዝመቱ ምክንያት ቢሆን ኖሮ መልሱም ማረፍ እንደነበረበት ተከራከረ። ይህ ሁሉ ተጨማሪ ሰው ለመጫን ነው ብሎም ደመደመ። እውነቱን ለመናገር እኔም እንደሱ ነበር የማስበው።

መልስ 12 ከመልሶቹ ሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ ነው። የጻፈው ያው አየር ማረፊያ የሚሠራው ልጅ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። ዳለስ ግን 95 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቦሌ ላይ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የሚደገፍበት፣ ሞተሩም የሚስበው ነገር ያንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሳት የበለጠ መፍጠን፣ ለመፍጠን ደግሞ የበለጠ መንደርደር አለበት። የቦሌ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ነው፤ አጭር የሚባል አይደለም፤ ግን ማለቂያ አለው። ሙሉ ሰው፣ ሙሉ ሻንጣና እስከ ዋሽንግተን የሚያደርስ ሙሉ ነዳጅ ጭኖ ከዚህ ከፍታ መነሳት ያስቸግራል። ስለዚህ ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ይነሳል፤ ዝቅ ያለ ቦታ አርፎ ይሞላል። ከዳለስ ሲነሳ ግን ወፍራም አየር ላይ ስለሆነ ሞልቶ መነሳት ይችላል። በዚያ ላይ ከፍ ብሎ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። ስንመለስ ከኋላ ይገፋናል፤ ስንሄድ ፊት ለፊት ይመታናል።

ይህን ሳነብ እንጦጦ ስንወጣ ትንፋሽ የሚያጥረን ትዝ አለኝ። አውሮፕላኑም እንደኛው ነው ለካ።

በመልስ 13 ያቺ 11,560 ያለችው ልጅ ቁጥር ይዛ ተመለሰች። ማረፊያው መንገዱን ምን ያህል እንደሚያስረዝም አስልታለች። ቀደም ባሉ ዓመታት በረራው ያርፍባት በነበረችው በአየርላንዷ ደብሊን በኩል ሲኬድ ድምሩ 11,830 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከቀጥታው የሚበልጠው በ270 ብቻ ነው፤ ከዚህ እስከ ጅማ በሰማይ እንደመሄድ ማለት ነው። በቶጎዋ ከተማ በሎሜ በኩል ሲሆን ግን 12,750 አካባቢ ይገባል፤ 1,200 ያህል ይጨምራል። መልስ 11 የጻፈው ሰው ከዚህ በኋላ ዝም አለ። ይቅርታ ባይልም ዝም ማለቱ በቃኝ።

ከዚያ ውይይቱ ወደ ሰፈራችን ዞረ። መልስ 14 ታዲያ ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ የሚሠራው አዲሱ አየር ማረፊያ ይህን ችግር ይቀንሰው እንደሆነ ጠየቀ። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። አየር ማረፊያ ውስጥ የሚሠራው ያ ጎረቤታችን ቦታው ከተመረጠበት ምክንያት አንዱ ከፍታው እንደሆነ አረጋገጠ። ይህን ጊዜ የቱሉ ዲምቱ ሰው ሁሉ ነቃ። አቡሴራ ከኛ በፈጣኑ መንገድ በኩል ነው፤ ከተማ መግባት ሳያስፈልገን ልንሳፈር ነው። መልስ 15 የቤት ዋጋ እንደሚጨምር አበሰረ። መልስ 16 ደላላ ሳይሆን አይቀርም፤ የሚሸጥ ቦታ እንዳለው ጠቆመ። መልስ 17 አመረረ። መሬታቸው ለአየር ማረፊያው የተወሰደ ገበሬዎች እያሉ ስለ ቤት ዋጋ መደሰት ነውር መሆኑን ጻፈ፤ ዘመዶቹ እዚያ ናቸው። እኔ ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። ልክ ነበር። የመድረኩ አስተባባሪ ነገሩ ከመጋጋሉ በፊት ወደ ጥያቄው እንድንመለስ ለመነ። ያም ሆኖ መልስ 17ን አላጠፋውም፤ ደግ አደረገ።

ጋሼ በመልስ 18 ነገሩን ያበረዱት በትዝታ ነው። የአገራችን የመጀመሪያው የመንገደኛ በረራ በ1938 ዓ.ም. ከልደታ ተነስቶ፣ አስመራ አርፎ፣ ካይሮ እንደገባ ጻፉ። ያኔም መሃል ላይ ይታረፍ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ጄቶቹ ሲመጡ የልደታ ሜዳ አልበቃ አለና ወደ ቦሌ ተዛወሩ። ቦሌ ያኔ ከከተማ ውጭ ነበር፤ ዛሬ አቡሴራ እንደሚመስለን። ቀጥሎ አንዱ የባሕር ዳርና የላሊበላ ነገር ገርሞት ጻፈ። ሁለቱም ከቦሌ በሰማይ 334 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው፤ እኩል። በመኪና ግን ላሊበላ ብዙ ይርቃል። ሌሎች ሦስት ሰዎች ስለ በርበሬ፣ ስለ ሽሮና ስለ ድርቆሽ አስተሻሸግ ተጨዋወቱ። እሱን እዘለዋለሁ። ብቻ ሻንጣችንን ቤት ውስጥ በሚዛን ለክተን 2 ኪሎ እንዳለፈ ያወቅነው በእነሱ ምክር ነው።

መልስ 23 ለእማዬ የመጣ ይመስለኛል። የጻፉት ሁለት ጊዜ ተጉዘው የተመለሱ እናት ናቸው፤ ብሎክ 9 ነው የሚኖሩት። አውሮፕላኑ ነዳጅ ሊሞላ ሲያርፍ እርሳቸው የሄዱበት ጊዜ መንገደኛው ከወንበሩ አልተነሳም። ቢሆንም እናቴ በሩ ሲከፈት አይታ ትነሳ ይሆናል ብለው ሰጉ። ስለዚህ በእንግሊዝኛ አጠር ያለ ወረቀት እንድጽፍላት መከሩኝ፤ የምትወርደው ዳለስ መሆኑንና እንግሊዝኛ እንደማትችል የሚገልጽ። የመጀመሪያው ማረፍ የሷ እንዳልሆነ፣ ሁለተኛው ሲያርፍ ግን የሷ እንደሆነ በቃሏ እንድትይዘው አሳሰቡ። ዊልቸር አስቀድሜ እንድጠይቅላትም አሉ። መራመድ አቅቷት አይደለም፤ የሚገፋው ሰው በየፍተሻው ይዟት ስለሚያልፍ ነው። ውኃ በየጊዜው ትጠጣ፣ በየሁለት ሰዓቱ ተነስታ በመተላለፊያው ትራመድ፤ እግሯ እንዳያብጥ። እማዬ ይህን ሳነብላት ሁለት ጣቷን አነሳች። አንዱ የነሱ፣ ሁለተኛው የኔ እያለች ለራሷ ደገመችው።

መልስ 24 ቲኬቱ ላይ የተጻፈውን ሰዓት እንዳለ እንድለጥፍ ጠየቀ። ለጠፍኩ፦ መነሻ ሐሙስ 00:20፣ መድረሻ ሐሙስ 10:20። በመልስ 25 አንዱ ወዲያው ዘሎ፣ 10 ሰዓት ብቻ ነው የሚፈጀው ብሎ ጻፈ። መልስ 26 ሳቀበት፤ ትንሽም ሰደበው። ስድቡን አልወደድኩትም፤ ስህተቱ ማንም የሚሠራው ነው። መልስ 27 በትዕግሥት አስረዳ። ቲኬት ላይ የሚጻፈው መነሻው በመነሻው አገር፣ መድረሻው በመድረሻው አገር ሰዓት ነው። በሰኔ ዋሽንግተን ከኛ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ በክረምታቸው ደግሞ 8 ይሆናል፣ እነሱ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ። እዚያ ጠዋት 10:20 ሲሆን እዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ20 ነው። ከመነሻው ሰዓት ጀምሮ ሲቆጠር ልክ 17 ሰዓት።

ከዚያ መልስ 28 መጣ። አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት። ሐሙስ ሌሊት ስል የትኛውን ሐሙስ ሌሊት ማለቴ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ለሹፌሩ ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት ላይ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ። አክስቶቼም ሊሸኟት ሐሙስ ከሰዓት ይመጣሉ። ቲኬቱን እንደገና አነሳሁት። 00:20፣ ሐሙስ። በፈረንጅ ቀኑ የሚጀምረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ሐሙስ ከተጀመረ 20 ደቂቃው ነው ማለት ነው። በኛ አቆጣጠር ግን ያ ሰዓት ገና ረቡዕ ማታ ነው፤ ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ20። እኔ ሐሙስ ማታ ሻንጣ ስጭን እማዬ መሄድ የነበረባት ትናንት ሊሆን ነበር። እጄ ቀዘቀዘ። ተነስቼ ወደ መኝታ ቤት ሄድኩ፤ እማዬ ተኝታለች፤ ፓስፖርቷ ትራስጌዋ ስር በነጠላ ተጠቅልሎ አለ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

መልስ 29 እንዲህ የሚሆነው በኔ ብቻ እንዳልሆነ አሳየኝ። አንዲት ሴት ወንድሟ በዚሁ ምክንያት በረራው እንዳመለጠው ተረከች። ረቡዕ 01:15 የሚል ቲኬት ይዞ ረቡዕ ማታ ቦሌ ደረሰ። አውሮፕላኑ ሄዶ ሙሉ ቀን አልፎታል። ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ፣ አበባ ተይዞ፣ ፎቶ ተነስቶ ነበር። ለአዲስ ቲኬት የተበደሩትን ገና እየከፈሉ ነው። መልስ 30 ያልተማረ ሰው ዕጣው ይኸው ነው የሚል ቃል ጣለባት። ይህን ቃል እስካሁን አልረሳሁትም። መልስ 31፣ ያ መሬታቸው የተወሰደባቸውን ገበሬዎች ያነሳው ሰው፣ ተቆጥቶ መለሰለት። ቀናችን ጎሕ ሲቀድ የሚጀምር ሕዝብ መሆናችንን፣ ይህም አለመማር ሳይሆን ሌላ አቆጣጠር መሆኑን ጻፈ። የሁለት አቆጣጠር ሰው ሆኖ መኖር ራሱ ዕውቀት ነው አለ። ጋሼም በልብ ምልክት ደገፉት። እኔም ደገፍኩ። መልስ 30 ማታውን ተሰረዘ፤ ራሱ ይሁን አስተባባሪው አላየሁም።

የቀሩት ስለ መንገዱ ናቸው። ከቱሉ ዲምቱ ቦሌ በቀጥታ ቢለካ 15 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በሰማይ 11,560ን ለመቁረጥ የተጨነቅነው ሰዎች እዚህች 15 ላይ ነው ክርክር የገጠምነው። አንዱ በጎሮ በኩል፣ ሌላው በቃሊቲ በኩል አለ። ዝናብ ከዘነበ፣ የጭነት መኪና ከቆመ፣ ሁለቱም አይታመኑም። ቦሌ ከበረራው 3 ሰዓት በፊት መድረስ እንዳለብን ግን ተስማማን፤ ስለዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት። ከቤት ደግሞ ከ1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ።

ለሹፌሩ ደወልኩና ቀኑን ቀየርኩ። ለአክስቶቼም ደወልኩ። ለእያንዳንዷ ሐሙስ የሚለውን ትቼ ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ እያልኩ ነገርኳቸው። አንዷም አልተደናገረችም።

ረቡዕ ማታ ዘነበ። በጎሮ በኩል ሄድን። ቦሌ ስንደርስ 3 ሰዓት ከ10 ነበር። ወረቀቷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። የሚገፋው ልጅ ዊልቸሩን ሲያመጣ መጀመሪያ እምቢ አለች፤ ኋላ ተቀመጠች። በሩ ሊሰውራት ሲል ዞር ብላ ሁለት ጣቷን አሳየችኝ።

ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ40 ላይ ከእህቴ መልእክት ደረሰኝ፦ አውሮፕላኑ ማረፉን አይታለች። እማዬ ራሷ ስትወጣ ግን ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከቱሉ ዲምቱ ደጃፋችን ከወጣች ልክ አንድ ሙሉ ቀን። በስልክ መጀመሪያ የነገረችኝ፣ አውሮፕላኑ መሃል ላይ ሲያርፍ ጎኗ የተቀመጠች ልጅ ልትነሳ ስትል እጇን ይዛ እንዳስቀመጠቻት ነው።

ይህንን በመልስ 37 ጻፍኩት። መልስ 38 ከብሎክ 4 ነው። እህቷ ቅዳሜ ሌሊት ከጅዳ ስለምትመጣ ርቀቱንና ሰዓቱን ጠይቃለች። ጅዳ 1,410 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን። ይህን ከመጻፌ በፊት ግን ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ነው ወይስ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ብዬ ጠየቅኋት። ቲኬቱን አይታ እስክትመልስልኝ እየጠበቅሁ ነው።